ከአንኮበር አፋፍ እስከ መልካ ጀብዱ፦ የሁለት ትናንሽ ወፎች ነገር

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ሜዳ ነው፦ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ፣ ፊት የሚገርፍ ብርድ። ከዚያ መሬቱ ያልቃል። ደጋው በገደል ይቆረጥና ቁልቁል እየወረደ እስከ አፋር ቆላ ይዘልቃል። ጥርት ባለ ጠዋት አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ደኑን፣ ከደኑ በታች የማሽላውን ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በጭጋግ የታፈነውን የአዋሽ ሜዳ ባንድ ጊዜ ያያል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ሁለት ትናንሽ ዘር በል ወፎች ይኖራሉ። አንዷ ከላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነች። ሌላዋ ከታች፣ ግራርና ቁጥቋጦ ውስጥ። ሳይንሱ ሁለቱንም ክሪታግራ በሚባል አንድ ወገን ሥር መዝግቧቸዋል። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኙም። እዚህ ጽሑፍ ላይ የላይኛዋን የአንኮበር ሴሪን፣ የታችኛዋን ቢጫ ጉሮሮ ሴሪን እላቸዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ አገር እንስሳት ሲወራ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይነሳሉ፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ዓመታት ባለፉ ቁጥር ልቤ ወደነዚህ ሁለት ወፎች እያዘነበለ መጥቷል። ምክንያቱ ውበታቸው ብቻ አይደለም። ሁለቱም ሌላ ወፍ ስለሚመስሉ ብቻ ታልፈዋል፤ አንዷ ሳትታይ ቀረች፣ ሌላዋ ታይታ ተካደች። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ በጣምም ያስደንቀኛል። ልጽፍ የተነሳሁትም ስለዚሁ ነው።

ከላይኛዋ ልጀምር።

የአንኮበር ሴሪንን ለማየት መቆም ሳይሆን መተኛት ይሻላል። ነፋሱ ከቆላው ወደ ላይ ስለሚነፍስ አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ይንገዳገዳል፤ ጥላውም ወፎቹን ያስበረግጋቸዋል። በደረቴ ተኝቼ፣ ክርኔን አጭሩ ሣር ላይ አስደግፌ፣ መነጽሩን ወደ መሬት አቀርባለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። አፈር፣ ድንጋይ፣ ሽበት የመሰለ የድንጋይ ላይ ሽፋን፣ በጎች የጋጡት ሣር። ከዚያ አፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ስትታይ አምስት ትታያለች፣ አምስቱ ሲለዩ ሃያ መሆናቸው ይገባል። ደረታቸውን ወደ መሬት አስጠግተው፣ አጫጭር እርምጃ እየተራመዱ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እየለቀሙ ይሄዳሉ። የኋለኞቹ በፊተኞቹ ላይ ዘለው ያልፋሉ። አንዳንዴ መንጋው እስከ 60 ይደርሳል።

ቀለሟ ቡናማ ነው፤ ከላይም ከታችም በጠቆሩ መስመሮች የተዥጎረጎረ። ማጅራቷ ላይ ነጣ ያሉ ጭረቶች አሉ፤ ፀሐይ በጎን ሲመታት እነሱ ቀድመው ይታያሉ። ፊቷ ላይ ጎልቶ የሚወጣ ምልክት የላትም። ቢጫ የሚባል ነገር አንድም ላባዋ ላይ የለም። የዘመዶቿን ቢጫ ላየ ሰው ይህ ራሱ ያስገርማል።

እዚያው ሣር ላይ አብረዋት የሚለቅሙ ሌሎች አሉ። አንደኛዋ በደጋው ሁሉ፣ አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ጭምር የምናያት ዝንጉርጉሯ ዘር በል ነች። እሷ ገዘፍ ትላለች፣ ምንቃሯ ወፈር ይላል፣ ከዓይኗ በላይ ደግሞ ጥርት ያለ ነጭ ቅንድብ አላት። ሁለተኛዋም ቅንድባም ነች፣ ደረቷ ግን ምንም መስመር የለበትም። ሦስተኛዋ አረንጓዴ ቢጫ ነች፣ ወንዱ ራሱ ጥቁር ነው። እነዚህን ሦስቱን ከለዩ በኋላ የሚቀረው፣ ቅንድብ የሌለው፣ ደረቱ የተዥጎረጎረው፣ ምንም ጌጥ የሌለው ወፍ፣ የአንኮበር ሴሪን ነው። በሌለው ነገር የሚለይ ወፍ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ዓይኑ እያየ ያለፈው።

ማን ማን እንዳለፈው ማሰብ ደስ ይለኛል። አንኮበር እኮ ጭር ያለ፣ ሰው ያልረገጠው ቦታ አልነበረም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዙበት ከተማ ነው። በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ተነስቶ፣ በአሊዩ አምባ በኩል ያንን ዳገት ወጥቶ ነው አንኮበር የገባው፤ ከልዑኩ ጋር ሮት የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪም ነበረበት። በ1876 ደግሞ ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበርን ጉዞ እየመራ ሸዋ ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጡት፤ እዚያ የምርምር ጣቢያ አቋቋመ። አንቲኖሪ የወፍ ሰው ነበር። ወፍ እያደነ፣ ቆዳ እያዘጋጀ፣ ወደ ጣሊያን እየላከ ኖረና በ1882 እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞቶ ተቀበረ።

የአንኮበር ሴሪን ግን ለሳይንስ የታወቀችው በ1976 ነው። አንቲኖሪ ሸዋ በገባ ልክ በመቶኛው ዓመት። ያገኛት ጆን አሽ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ውስጥ ወፎችንና የሚያስተላልፏቸውን በሽታዎች ያጠና ነበር። በ1979 አዲስ ዝርያ መሆኗን ጽፎ አሳወቀ፤ ስሟንም በቦታው ሰየማት።

ሳይንስ ሳያውቃት ሰው ያውቃት ነበር። አንድ ጊዜ አፋፉ ላይ ተኝቼ ሳለሁ በግ የሚጠብቅ ልጅ መጣና ራሴ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

ምንም አልጠፋብኝም ብዬ መነጽሩን ሰጠሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየ።

«እነዚህማ ሁልጊዜ አሉ። በጉ የጋጠበት ላይ ነው የሚወርዱት፣ ረጅሙን ሣር አይወዱም። ማታ ወደ ገደሉ ይገባሉ።» ከዚያ በጅራፉ ወደ ታች አመለከተኝ። «ያቺ ግን ሌላ ናት፤ ያቺ ነጭ ቅንድብ ያላት። እሷ ማሳ ትገባለች።»

መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ የ10 ዓመት ልጅ ልዩነቱን ከነቅንድቡ፣ ከነምግቡ፣ ከነማደሪያው ነገረኝ። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ያለፉት ምሁራን የዚያን ዘመን እረኞች ጠይቀው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ምናልባት ጠይቀዋል፣ ምናልባትም ሲነገራቸው አልሰሙም።

አሁን ወደ ታች እንውረድ።

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወስደው ቁልቁለት ለጉልበት ክፉ ነው፣ ለዓይን ግን ድግስ ነው። ጽዱና ኮሶው ይቀራሉ፣ ወይራው ይመጣል፣ ከዚያ ቁልቋሉ፣ ከዚያ ግራሩ። ብርድ ልብስ ደርቦ የተነሳ ሰው መንገድ ላይ አንድ በአንድ እያወለቀ ይወርዳል። አሊዩ አምባ በጥንቱ የነጋዴ መንገድ የአርጎባዎች የገበያ ከተማ ነች፤ የቆላና የደጋ ዕቃ የሚገናኝባት። ከእሷ አልፎ ወደ መልካ ጀብዱ ሲወረድ ከፍታው ወደ 1,400 ሜትር ዝቅ ይላል። አየር 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከ2,800 ሜትር በታች እምብዛም ከማትታየው ከአንኮበሯ ሴሪን ጋር ስትነጻጸር ቢጫ ጉሮሮዋ ቢያንስ 9 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ዓለም ውስጥ ነው የምትኖረው። በመካከላቸው የግማሽ ቀን መንገድ ነው ያለው።

ቢጫ ጉሮሮዋ መንጋ የላትም ማለት ይቻላል። አንድ ሁለት ሆና፣ አንዳንዴ ጥቂት ሆና ነው የምትታየው። ድንጋያማ ኮረብታ፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ ደርቆ የቆመ ሣር ትወዳለች። ግራጫ ነች፤ ፀሐይ የላሰው የቆላ አፈር ቀለም። ጀርባዋ ላይ ያሉት መስመሮች የደበዘዙ ናቸው። ስትቀመጥ ጉሮሮዋ ሥር ትንሽ የቢጫ ነጠብጣብ ትታያለች፤ ከጎን ካልታየች ትደበቃለች። ስትነሳ ግን ከጅራቷ በላይ ያለው ወገቧ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ይበራና፣ ሌላ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ ይጠፋል። መነጽር አንስቶ እስኪያስተካክሉ ድረስ የለችም። ከአፋፉ ወፍ ጋር ሳስተያያት የሚገርመኝ ይህ ነው፦ የላይኛዋ ምልክት ሳይኖራት ዝም ብላ ፊት ለፊት ትለቅማለች፣ የታችኛዋ ምልክቷን ይዛ ትሸሻለች።

ታሪኳ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የላይኛዋን ያላዩት የልጥ ማረፊያ ሰዎች የታችኛዋን አግኝተዋታል። ከአንቲኖሪ በኋላ ጣቢያውን የያዘው ሐኪሙ ቪንቼንዞ ራጋዚ ከ1884 እስከ 1886 በሸዋ ብዙ ወፍ ሰበሰበ። ስብስቡን ቶሪኖ የነበረው ቶማሶ ሳልቫዶሪ መረመረውና በ1888 ቢጫ ጉሮሮዋን አዲስ ዝርያ ብሎ ሰየማት። እንግዲህ በወረቀት ላይ ከአንኮበሯ ሴሪን በ91 ዓመት ትበልጣለች።

ከዚያ በኋላ ዝም። በሙዚየም ያሉት ናሙናዎች ሦስት ብቻ ነበሩ፣ አራተኛ አልመጣም። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ ሃምሳ ዓመት። በዚህ መካከል ሊቃውንቱ ሦስቱን ቆዳዎች ደግመው ማየት ጀመሩ፤ አዩናም «ይህች የራሷ ዝርያ አይደለችም» ወደ ማለት አዘነበሉ። በአካባቢው ሁለት ዘመዶቿ ይኖራሉ። አንዷ ደረቷ ቢጫ ሆኖ ሆዷ የነጣው ካናሪ ነች፤ ሌላዋ ጉሮሮዋ ቢጫ ያልሆነ፣ ወገቧ ግን ቢጫ የሆነ ግራጫ ሴሪን። ቢጫ ጉሮሮዋ በሁለቱ መካከል ያለች ትመስላለች። ስለዚህ የሁለቱ ድቅል ነች ተባለ። አባት እከሌ፣ እናት እከሊት፣ ልጅ በአጋጣሚ። የሚጠይቅላት አልነበረም።

ይህን ሐሳብ ያቀረቡትን ሰዎች አልወቅስም። በእጃቸው የነበረው ሦስት ደረቅ ቆዳ ነው፣ ድቅልም በዚህ ወገን ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ድቅልን ከዝርያ የሚለየው ቆዳ ላይ ያለ ቀለም ብቻ አይደለም። ድቅል አልፎ አልፎ ይገኛል፣ አንዱ ከሌላው ይለያያል፣ አንዳንዱ ወደ አባቱ አንዳንዱ ወደ እናቱ ያደላል። ዝርያ ከሆነ ግን ተመሳሳይ ወፎች በቦታው ላይ ደጋግመው ይገኛሉ፣ ከመሰሎቻቸው ጋር ይጣመራሉ፣ ልጆቻቸውም እነሱኑ ይመስላሉ። ይህን ደግሞ የሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ማየት አይቻልም። መልካ ጀብዱ ድረስ ወርዶ፣ በሙቀት ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ መዞር ያስፈልጋል።

የዞረውም ያው ጆን አሽ ነው። በ1989 ከቶም ጉሊክ ጋር ተመልሶ መጥቶ ቢጫ ጉሮሮዋን በሕይወት አገኛት። የላይኛዋን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው፣ የታችኛዋን ደግሞ ከመቶ ዓመት ክህደት መለሳት። በኋላም ወደ አዋሽና ወደ ፈንታሌ ተራራ አካባቢ ታይታለች። ዛሬ የራሷ ዝርያ መሆኗን ማንም አይከራከርም። ያች ወፍ በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ በየዓመቱ ጎጆ ሠርታለች፣ እንቁላል ጥላለች፣ ልጆቿን አሳድጋለች። እኛ ስለ መኖሯ ስንከራከር እሷ ትኖር ነበር። ይህን ሳስብ አንዳች ነገር ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ወደ አካላቸው ልመለስ፤ ምክንያቱም ዝምድናቸው እዚያ ነው ጎልቶ የሚታየው። ሁለቱም ከምንቃር እስከ ጅራት 13 ሴንቲ ሜትር ቢደርሱ ነው። ሁለቱም በወፍ ቤት የምትዘምረው የካናሪ ዘመዶች ናቸው፤ ቀድሞም ከእሷ ጋር በአንድ ወገን ተቆጥረው ነበር፣ በቅርብ ዓመታት የዘረመል ጥናት ነው ከአብዛኞቹ የአፍሪካ ዘመዶቻቸው ጋር ወደ ክሪታግራ ያዛወራቸው። ሲዛወሩም አብረው ተዛወሩ።

የምንቃራቸው አሠራር አንድ ነው። ይህን ለማየት ወፏ በጣም ቅርብ መሆን አለባት፣ ግን ከታየ አይረሳም። ዘሩን ታነሳለች፣ ትንሽ ቀና ትላለች፣ ከዚያ የታችኛው መንጋጋ ፈጠን ፈጠን እያለ ይንቀሳቀሳል። የላይኛው ምንቃር ውስጥ ቦይ አለ፤ ዘሩ እዚያ ቦይ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ምላሷ ዘሩን ያሽከረክራል፣ የታችኛው ምንቃር ስለታም ጠርዝ ገለባውን ይሰነጥቃል፣ ገለባው በአፏ ጎን ይወድቃል፣ ፍሬው ይዋጣል። አንዷን ዘር ለመፈልፈል የሚወስድባት ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ብዙም አይበልጥም። ምድር ላይ የወደቀውን ገለባ ብትመለከቱት ለሁለት ተከፍሎ፣ ባዶ ሆኖ፣ ምንም ሳይደቅ ታገኙታላችሁ። ለቤት የሚፈጭ እህል እንኳ እንዲህ ንጹህ ሆኖ አይፈተግም።

የዚህ ቤተሰብ ሌላው የሚያስደንቅ ነገር ልጆቻቸውንም በዘር ማሳደጋቸው ነው። ካደጉ በኋላ ዘር የሚበሉ ብዙ ወፎች ጫጩቶቻቸውን በትልና በአንበጣ ነው የሚያሳድጉት፤ ለማደግ ሥጋ ይሻላልና። እነዚህ ግን የተፈለፈለውን ዘር ጉሮሯቸው ሥር አከማችተው፣ አለስልሰው፣ መልሰው ለጫጩቱ ያጎርሱታል። ስለዚህ ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ከሣሩ ፍሬ ጋር የተሳሰረ ነው። ዝናቡ ከዘገየ ሣሩ ይዘገያል፣ ሣሩ ከዘገየ እነሱ ይዘገያሉ።

ደረቅ ዘር ደግሞ ውሃ የለውም። ደጋ ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ጤዛ አለ፣ ጭጋጉ ከቆላው ሲወጣ ድንጋዩ ሁሉ ይረጥባል። ቆላ ላይ ግን ዘር በል ወፍ ሁሉ የውሃ ባሪያ ነው። በበጋ ወንዙ ሲደርቅና አሸዋ ውስጥ የተቆፈረው ኤላ ብቻ ሲቀር፣ ለመጠጣት መውረድ ግዴታው ነው። ቢጫ ጉሮሮዋን ፍለጋ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ከመሮጥ ውሃ ዳር ጥላ ይዞ መቀመጥ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ኤላ ዳር ውሃ የሚቀዱ አንዲት እናት አጠገብ ለመቀመጥ ፈቃድ ጠየቅኳቸው። «ተቀመጥ ልጄ፣ ውሃ የሁሉ ነው» አሉኝ። ጀሪካናቸውን ሲሞሉ የፈሰሰችው ውሃ በድንጋዩ ጎድጓዳ ውስጥ ተጠራቀመች፤ እሳቸው ፈቀቅ ሲሉ ወፎቹ ወረዱ። ከመካከላቸው አንዲት ግራጫ ወፍ ጉሮሮዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ስትውጥ ቢጫዋ ሙሉ በሙሉ ታየ። የሎሚ ልጣጭ ቀለም ነው፤ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ እስከ ደረቷ የማይወርድ።

እናቲቱ ዞረው አዩኝና «ለዚች ነው አዲስ አበባ ድረስ ያለው መንገድ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲያስ ነገ ቀደም ብለህ ና፣ ፍየሎቹ ሳይመጡ» አሉኝ። ለወፍ ተመልካች ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

ስለ አደጋው መጻፍ ግድ ነው። የአንኮበር ሴሪን መጀመሪያ ስትታወቅ ከአንኮበር አካባቢ ጥቂት ኪሎ ሜትር አፋፍ በቀር ሌላ አገር ያላት አይመስልም ነበር። ከጊዜ በኋላ በመንዝ ጓሳና በስሜን ተራሮችም ተገኘች። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ገደል ራሱ ይጠብቃታል፤ በሬ የማይጠመድበት፣ ማረሻ የማይነካው ነው። እውነት ነው ባሕር ዛፉ ወደ አፋፉ እየተጠጋ ነው፣ ግጦሹም ከብዷል። ግን በጎቹ የሚያሳጥሩት ሣር ለእሷ መልቀሚያ መሆኑን እረኛው ነግሮኛል፣ እኔም አይቻለሁ። ጓሳ ላይ ደግሞ መንዞች ሣሩን በራሳቸው ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ በጊዜው እየከፈቱ፣ ለዘመናት ጠብቀውታል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣው ቱሪስትም፣ ስሟን ሳያውቅ እንኳ፣ ቤቷን ይጠቅማል። የአንኮበርና የደብረ ሲና ገደል ለወፎች ከሚያስፈልጉ የአገሪቱ ቦታዎች አንዱ ተብሎ ተመዝግቧል።

ቢጫ ጉሮሮዋ ይህ ሁሉ የላትም። የመጥፋት አደጋ ደረጃ በሚመዘገብበት በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ ደረጃዋ ከአንኮበሯ የባሰ ነው፤ ሳስበው አልገረመኝም። የምትኖርበትን መሬት የሚያይ ሰው «ምንም የሌለበት» ይለዋል። ደን አይደለም፣ ማሳ አይደለም፣ ለፎቶ የሚሆን ገደል የለውም። እሾህና ድንጋይ ነው። እሾሁ ግን ከሰል ይሆናል። ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው ከሰል ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከሰሉን የሚያከስለውን ሰው መውቀስ አልችልም፤ ልጆች አሉት። ግን ለአፋፉ የምናስበውን ያህል ለቁጥቋጦው አናስብም፤ ይህ ልክ አይደለም። ከሁለቱ ለአንዷ ብቻ የምጨነቅበት አቅም ቢኖረኝ ለታችኛዋ እጨነቃለሁ። አንድ ጊዜ የለችም ተብላለች፤ ብትጠፋ ደግሞ መጥፋቷን እንኳ የሚያስተውል ላይኖር ይችላል።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ «ሁለቱ ይገናኛሉ ወይ?» የሚል ነው። መሬቱ አንድ ቁልቁለት ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። በመካከላቸው ግን የደን ቀበቶና የእርሻ ማሳ አለ፤ ሁለቱም ክፍት መሬት ወዳጆች ናቸው። የአንኮበሯ ከአፋፉ ብዙ አትወርድም፣ ቢጫ ጉሮሮዋ ከግራሩ ብዙ አትወጣም። የሚለያያቸው ርቀት አይደለም፣ ከፍታው ነው። እናም ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት የሚፈልግ ሰው ይችላል፦ ጎህ ሲቀድ አፋፉ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ቆላው ውስጥ። ጉልበት ካለው በእግር ይውረድ። በመኪና የወረደ ሰው ወይራው በግራር የሚተካበትን ቦታ ሳያይ ያልፋል።

አሊዩ አምባ፣ መልካ ጀብዱ ወይም ዱለቻ አካባቢ የምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ አንድ ልመና አለኝ። በበጋ ኤላ ዳር የምትወርድ ግራጫ ወፍ ካያችሁ ሁለት ነገር ፎቶ አንሱልኝ፦ ቀና ብላ ስትጠጣ ጉሮሮዋን፣ ስትነሳ ወገቧን። ስልክ ይበቃል። የነጭ ሆዷ ካናሪ ቢጫ ደረቷን ሁሉ ይሸፍናል፤ የእሷ ግን ጉሮሮዋ ላይ ያበቃል። ሁለት ሆነው ጎጆ ሲሠሩ ያየ ሰው ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ጻፉልኝ፤ ቀኑን፣ የዝናቡን ሁኔታ፣ ሣሩን ይዛ የገባችበት ግራር የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጭምር።